የወተት ክራንቻ፦ የአንድ ጥርስ ስያሜና የአንድ ስሕተት ታሪክ

የሰው ልጅ ጥርስ ከድድ በላይ ብቅ ከማለቱ አስቀድሞ ረጅም ታሪክ አለው። የወተት ጥርሶች መሠራት የሚጀምሩት ፅንሱ በማኅፀን ሳለ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ሃያዎቹም በመንጋጋው አጥንት ውስጥ በተለያየ የዕድገት ደረጃ ላይ ይገኛሉ። ከሃያዎቹ መካከል በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ በሕፃናት ላይ የታችኛውን የወተት ክራንቻ ያህል መከራ ያስከተለ የለም። መከራው የመጣው ግን ከጥርሱ አይደለም፤ ጥርሱ ጥርስ መሆኑ ባለመታወቁ ነው።

ስያሜው

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በአካባቢዋ ኽምጣና፣ አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። የትግርኛው «ስኒ» ከግእዙ «ስን» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን ጥርስን በጠቅላላው ያመለክታል። የአማርኛው «ጥርስ» ግን የሚዛመደው «ፅርስ» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር ነው፤ ይህም በተለይ መንጋጋ ጥርስን የሚያመለክት ሲሆን በዐረብኛም ዘመዱ የሆነው ቃል እስከ ዛሬ ይህንኑ ትርጉም ይዟል። አማርኛ የአንዱን የጥርስ ዓይነት ስም ለሁሉም አውሎታል ማለት ነው። በመሆኑም ዓይነቱን ለመለየት ቅጽል መጨመር የግድ ይሆናል፦ የፊት ጥርስ፣ ክራንቻ፣ መንጋጋ።

በወተት ጥርስነት ዘመን በእያንዳንዱ መንጋጋ ላይ አራት የፊት ጥርሶች፣ ሁለት ክራንቻዎችና አራት የመንጋጋ ጥርሶች ይበቅላሉ። በቋሚዎቹ ዘመን ከክራንቻው ቀጥሎ ያሉት ትንንሽ መንጋጋዎች ይጨመሩና ቁጥሩ 32 ይደርሳል። እያንዳንዱ ጥርስ ከድድ በላይ የሚታይ አክሊል፣ በድዱ ጠርዝ ላይ ያለ አንገትና በአጥንት ውስጥ የተተከለ ሥር አለው። አክሊሉን ጠንካራው ኢናሜል ይሸፍነዋል፤ ከሥሩ ዴንቲን፣ በመካከሉም የደም ሥርና ነርቭ የያዘ ለስላሳ ክፍል ይገኛል።

የወተት ክራንቻ የሚበቅለው ሕፃኑ ከ16 እስከ 23 ወር ዕድሜ ሲኖረው ነው። ከዚያ በፊት በታችኛው ድድ ግራና ቀኝ ነጣ ያለ እብጠት መስሎ ይታያል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ገና ያልጠነከረው አክሊል ከሥር ሆኖ ድዱን ከፍ ማድረጉ ነው። ተቆፍሮ ሲወጣም ትንሽ፣ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ላየው ሰው ጥርስ አይመስልም።

ስሕተቱ

እብጠቱ የሚታይበት ዕድሜ ሕፃኑ ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበት፣ መሬት ላይ የሚድህበትና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት ዕድሜ ነው። ንጹሕ ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት ደጋ ተቅማጥ የሚበዛውም በዚሁ ጊዜ ነው። እናት ሕፃኗ ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰውና ጡት እምቢ ሲል አፉን ከፍታ ብታይ እብጠቱን ታገኛለች። ሁለቱ አብረው በመታየታቸው አንዱ ለሌላው ምክንያት ተደርጎ ተወሰደ። ድንገተኛ ተቅማጥ ደግሞ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ የሚቆም በመሆኑ፣ ከተረፉት ሕፃናት ብዙዎቹ የዳኑት ጥርሱ ስለወጣላቸው መሰለ።

ይህ ስሕተት የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ሂፖክራተስ ጥርስ በማብቀል ጊዜ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና ተቅማጥ እንደሚከተሉ፣ በተለይም ክራንቻ ሲበቅል እንደሚብሱ ጽፏል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የፈረንሳዩ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ድድን በስለት መብጣትን ደገፈ፤ ልማዱም በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1839 በእንግሊዝና በዌልስ በወጣው የሞት መዝገብ ከ5 ሺህ በላይ ሞቶች «ጥርስ በማብቀል» የተከሰቱ ተብለው ተመዘገቡ። የተማሩት ሐኪሞች «አስቸጋሪ ጥርስ ማብቀል» የሚል የላቲን ስም ስለነበራቸው ስሙን እንደ ምርመራ ውጤት ቆጠሩት። የሕፃናቱ ገዳይ የነበረው ተላላፊ በሽታና የተበከለ ምግብ ከዚህ ስም በስተጀርባ ተሸሽጎ ኖረ።

በምሥራቅ አፍሪካ ልማዱ ከመብጣት አልፎ ጥርሱን ቆፍሮ እስከማውጣት ይደርሳል። ዴንማርካዊው የአፍ በሽታዎች ሊቅ የንስ ፒንድቦርግ በሰሜን ዩጋንዳ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ የወተት ክራንቻቸው የጠፋ፣ በአጠገቡ ያሉት ጥርሶቻቸውም የተጎዱ ሕፃናት መገኘታቸውን አሳየ። ቤተሰቡ አገር ቢለውጥም ቁስሉ በመንጋጋው ላይ ተጽፎ ቀርቷል።

ጉዳቱ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ወዲያውኑ የሚታይ ነው፦ ባልተቀቀለ ስለት ወይም ወስፌ የተቆፈረ ድድ ይደማል፣ ያመረቅዛል፤ ለቴታነስና ለደም መመረዝም በር ይከፍታል። በፈሳሽ እጥረት የተዳከመ ሕፃን ይህን ሁሉ የመቋቋም አቅም የለውም። ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ የሚገለጥ ነው። የቋሚው ክራንቻ አክሊል መጠንከር የሚጀምረው ከተወለዱ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የሚገኘውም ከወተቱ ክራንቻ አጠገብ ነው። ስለቱ አንዱን ሲያወጣ ሌላውን ስለሚነካ፣ በዘጠኝና በአሥር ዓመቱ ሊበቅል የሚገባው ጥርስ ሳይበቅል፣ ተጣሞ ወይም ኢናሜሉ ጎድሎ ይቀራል።

ሕጉና ቃሉ

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በአገር አቀፍ ደረጃ መጠናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የተባለው ብሔራዊ ኮሚቴ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1997 ያካሄደው ጥናት የወተት ጥርስ ማስወጣትን ከእንጥል ማስቆረጥ ጋር በአገሪቱ በስፋት ከሚፈጸሙት ጎጂ ድርጊቶች መደበው። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሕፃናትን መጉዳትን በአንቀጽ 561 እና 562 ያስቀጣል።

ሕጉ ተገቢ ነው፤ ትምህርቱ ግን የቃል ችግር አለበት። «የወተት ጥርስ ማስወጣት ክልክል ነው» የሚለው መልእክት በሰባት ዓመቱ የሚነቃነቅ ጥርሱን ለሚነቅል ልጅ እናት ግራ የሚያጋባ፣ የስምንት ወር ሕፃን ላላት እናት ደግሞ ጭራሽ የማይመለከታት ሊመስል ይችላል። እርሷ የምታስወጣው ጥርስ አይደለም፤ በእርሷ ዕይታ እብጠት ነው። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ክራንቻን በስሙ ጠርቶ ቦታውን በጣቱ ቢያሳይ፣ ከተቻለም ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ባለችበት የበቀለውን ክራንቻ ከሕፃኑ እብጠት ጋር ቢያነጻጽር ትምህርቱ ሥር ይሰዳል። በካርድ ላይም በሁለት አኃዝ የጥርስ አቆጣጠር መሠረት 73 (ግራ) እና 83 (ቀኝ) ብሎ መመዝገብ ጉዳዩ «የድድ ቁስል» ተብሎ እንዳይታለፍ ይረዳል።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህች ከተማ ተሰይሟል። ቃል ኪዳኑ የሚጠብቃቸው ሁለት ዓመታት እብጠቱ የሚታይባቸውና ስለቱ የሚመዘዝባቸው ዓመታት ናቸው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው የእናቱ ጡት፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ነው። ወደ ጥርስ አውጪ ሲወሰድ የሚባክነው ሰዓት ከእነዚህ የሚቀነስ ሰዓት ነው። የጤና ባለሙያው አፉን ከፍቶ «ይህ ክራንቻው ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይበቅላል» ሲል እናቲቱን አላወቅሽም ብሎ አይወቅስም፤ አውሮፓ ለማረም ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የፈጀባትን ስሕተት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያርማል።