በምራቅ ውስጥ የተገኘው ነገር

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1880 ከአንድ ወር በፊት ፊቱን ውሻ ነክሶት የነበረ የአምስት ዓመት ልጅ፥ በፓሪስ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በእብድ ውሻ በሽታ ሞተ። ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ሉዊ ፓስቴር ከልጁ አፍ የተወሰደውን ልጋግ በውሃ በጥብጦ ጥንቸሎችን ወጋበት። ጥንቸሎቹ ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላቸው ሞቱ፤ በደማቸውም ውስጥ የስምንት ቁጥር መልክ ያለው ረቂቅ ተሐዋስ ታየ።

የበሽታው አምጪ ተያዘ ለማለት የሚያስደፍር ነገር ነበር። ፓስቴር ግን ምራቁን የዋጠ ሊቅ ነበርና (አባባሉ ለዚህ ጉዳይ እጅግ ይስማማል) አልቸኮለም። የእብድ ውሻ በሽታ ለሳምንታት አድፍጦ የሚነሣ እንጂ በሰዓታት የሚገድል አይደለም። ያንኑ ተሐዋስ በሌላ በሽታ ከሞቱ ሕፃናት ምራቅ፥ ኋላም ከጤነኛ ሰው አፍ አገኘው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሐኪም ጆርጅ ስተርንበርግ በገዛ ምራቁ ጥንቸሎችን ወግቶ ተመሳሳይ ውጤት አይቶ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ጤነኛ ነበር። የሁለቱም ጽሑፍ በ1881 ወጣ። ተሐዋሱ ዛሬ ኒሞኮከስ የሚባለው፥ የሳንባ ምች ዋነኛ አምጪ ነው፤ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ጉሮሮም ያለ ጉዳት ይኖራል።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በዘመኑ ማይክሮስኮፕ ሊታይ የማይችል ነበር። ስለዚህ ፓስቴርና ረዳቱ ኤሚል ሩ ፊታቸውን ከምራቅ ወደ አንጎል መለሱ፤ የ1885ቱም ክትባት የተሠራው ከደረቀ የጥንቸል ሕብለ ሰረሰር ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ምራቅ እንደገና ተፈለገ። ዛሬ በዚህ በሽታ የተጠረጠረ ሰው በሕይወቱ ሳለ ከሚመረመርባቸው ነገሮች አንዱ ምራቁ ነው፤ የሚፈለገውም የቫይረሱ አር ኤን ኤ ነው። ቫይረሱ ወደ ምራቅ የሚወጣው እየተቋረጠ ስለ ሆነ፥ በአንድ ናሙና አለመገኘቱ በሽተኛውን ነጻ አያሰኘውም፤ በሰዓታት ልዩነት ደጋግሞ መውሰድ ያስፈልጋል።

በ1990ዎቹ ለኤች አይ ቪ የተፈቀደው የአፍ ምርመራም በልማድ የምራቅ ይባል እንጂ፥ ከድድና ከጉንጭ መካከል የሚጠረገው በአብዛኛው ከደም ሥሮች የሚያዥ ፈሳሽ ነው፤ በውስጡም የሚፈለገው ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ቫይረሱ አይደለም። በ2020 ኮቪድ 19 በተዛመተ ጊዜ ምራቅን በብልቃጥ መትፋት፥ አፍንጫን በጥጥ ከመጎርጎር ይልቅ ለታካሚውም ለባለሙያውም ቀለለ። ያም ሆኖ በአንዳንዱ ሰው ዘንድ ከዳነ ከሳምንታት በኋላ እንኳ የቫይረሱ ቅሪት በምራቁ ውስጥ ይገኝ ነበር።