ከተረፈ ዶሮ የተነሣ ታሪክ፦ ኤንቺላዳ፣ ወፍጮ እና የሴቶች ሰዓት

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በወር መጨረሻ የቁጠባ ደብተራችሁን ስጠይቅ ነው። ዛሬ ግን ስለ ምግብ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ነገሩ ከወጥ ቤት ተጀምሮ መጨረሻው ወደ ሂሳብ መዝገብ ይመለሳልና ታገሡኝ።

ባለፈው ጥር ታላቅ እህቴ ከአሜሪካ፣ ከቴክሳስ መጥታ ነበር። እሷ በምትኖርበት አገር ሥጋን በጭስ ማብሰል የተለመደ ነው። ሊጠይቋት የመጡትን ዘመዶች ራሷ ላስተናግድ ብላ፣ በግማሽ በተቆረጠ በርሜል ላይ አራት ዶሮ በወይራ ጭስ አበሰለች። እኛ ወይራን የምናውቀው ለወተት ዕቃ ማጠኛ ነው፤ ዶሮውም ያንኑ ሽታ ይዞ ወጣ። ቀኑ ሰኞ ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ አንድ ዶሮ ተኩል ያህል ተረፈ። ከነገ ወዲያ ረቡዕ ስለሆነ እናቴ "ነገ ካልተበላ ሊበላሽ ነው" ብላ ተጨነቀች። እህቴ ግን "እማዬ፣ አታስቢ፤ ነገ ኤንቺላዳ እሠራበታለሁ" አለቻት።

ኤንቺላዳ የሜክሲኮ ምግብ ነው። ስሙ በስፓኒሽ "በርበሬ የገባበት" እንደ ማለት ነው። ቶርቲያ የሚባለው ስስ የበቆሎ ቂጣ በበርበሬ ስጎ ይነከርና ሥጋ ተደርጎበት ይጠቀለላል። እናቴ ቆማ ስታይ ቆየችና "ይሄማ ፍርፍር ነው፤ ያልተቆራረጠ ፍርፍር" አለች። እውነቷን ነው። የትናንት ቂጣና የትናንት ሥጋ በበርበሬ ታድሶ ለዛሬ ማዕድ ይሆናል።

እኔም ላግዝ ብዬ ከወፍጮ ቤት ያስፈጨሁትን የበቆሎ ዱቄት አቀረብኩ። እህቴ "በዚህኛው አይሆንም፤ ይሰባበራል" አለችኝ። አላመንኳትም፤ አንድ ጋገርኩ። ልጠቀልለው ስል ለሁለት ተሰበረ። እሷ በሻንጣዋ ይዛ በመጣችው ዱቄት የጋገረችው ግን እንደ ጨርቅ ታጠፈ። ሁለቱም በቆሎ ናቸው። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያን ዕለት በኋላ ነው።

በኖራ የተቀቀለ በቆሎ

በቆሎ የተገኘው ከሜክሲኮ ነው። የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ የነበሩ ገበሬዎች ቴኦሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር እየመረጡ አዳቀሉት። ቆይተውም አንድ ትልቅ ጥበብ አገኙ፤ በቆሎውን በኖራ ወይም በአመድ ውኃ ቀቅለው፣ አሳድረው፣ ገለባውን አጥበው እርጥቡን መፍጨት። ይህ አሠራር ኒክስታማል ይባላል፤ ቃሉ የመጣው አዝቴኮች ይናገሩት ከነበረው ከናዋትል ቋንቋ ሲሆን በውስጡ "አመድ" የሚል ትርጉም አለው። ሊጡ እንዲያያዝ የሚያደርገው ይህ ነው፤ የእኔ ቂጣ የተሰበረውም ይህን ስላላገኘ ነው።

ጥቅሙ ከመያያዝም ያልፋል። በበቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን የተባለው ቫይታሚን በኖራ ካልተቀቀለ ለሰውነታችን በደንብ አይደርስም። አውሮፓውያን በቆሎውን ወደ አገራቸው ሲወስዱ የማዘጋጃውን ዘዴ ትተው ወሰዱት። ከዚያም በቆሎ ብቻ የሚበሉ ድሆች ቆዳን የሚያቆስል፣ ተቅማጥ የሚያመጣና አእምሮን የሚያውክ ፔላግራ የተባለ በሽታ ያዛቸው። ጋስፓር ካዛል የተባለ ስፔናዊ ሐኪም በ18ኛው መቶ ዘመን ስለ በሽታው ጽፏል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ብዙ ሰው ሲሞት፣ ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር መንስኤው ተላላፊ ጀርም ሳይሆን የምግብ ጉድለት መሆኑን አሳየ። ፈዋሹ ናያሲን መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ያልተማሩ ይባሉ የነበሩት የሜክሲኮ እናቶች ግን ከ3,000 ዓመት በላይ በየማታው በቆሎውን በኖራ እየዘፈዘፉ ቤተሰባቸውን ሲጠብቁ ኖረዋል።

እኛም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አለን። በቆሎን በአንዳንድ አካባቢ "የባሕር ማሽላ" የሚሉት ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። ያለ እሱ ወጥ የማንሠራው በርበሬም የመጣው ከዚያው አህጉር ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከመሻገሩ በፊት ከአሜሪካ አህጉር ውጭ በርበሬ የሚያውቅ ሕዝብ አልነበረም።

ዶሮው በኋላ መጣ

ቶርቲያን በበርበሬ መብላት ከስፔኖች በፊት የነበረ ነው። በርናርዲኖ ዴ ሳሃጉን የተባለ መነኩሴ በ16ኛው መቶ ዘመን የአዝቴኮችን ኑሮ በ12 መጻሕፍት ሲመዘግብ የቶርቲያና የበርበሬ ስጎ ዓይነቶችን ጽፏል። ያኔ የቤት ወፍ የሚባለው የፈረንጅ ዶሮ፣ ማለትም ተርኪ ነበር። እኛ የምናውቀው ዶሮ፣ እንዲሁም ላም፣ አሳማ፣ ቺዝና ነጭ ሽንኩርት የገቡት ኤርናን ኮርቴስ እ.ኤ.አ. በ1519 ከደረሰ በኋላ ነው። ሥጋን በእንጨት ርብራብ ላይ በእሳትና በጭስ ማብሰል ደግሞ የካሪቢያን ደሴቶች ሰዎች ልማድ ነበር፤ ዛሬ "ባርቤኪው" የሚባለው ቃል የተገኘው ከእነሱ ነው። ሜክሲኮ ነፃ ከወጣች ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው "የሜክሲኮ ምግብ አብሳይ" በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ኤንቺላዳ ስሙን ይዞ ይገኛል።

በጉልበት ላይ ያለፈ ዕድሜ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የራሰ በቆሎ በሜታቴ ይፈጫል። ሜታቴ እንደ እኛ የእጅ ወፍጮ ያለ ድንጋይ ነው፤ መጁም አለው። ሴቲቱ ተንበርክካ ትፈጫለች። የራሰ ሊጥ ስለማይቆይ ሥራው የየዕለት ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ቶርቲያ ለማዘጋጀት በቀን 5 እና 6 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት እጇን ዘርግታ መዳፏን አየችው። በልጅነቷ ወፍጮ ወደ ከተማቸው ሳይገባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ስትፈጭ ያደገች ናት። "እነሱም እንደኛ ነበሩ በይኝ" አለች።

የራሰ በቆሎ የሚፈጭ የሞተር ወፍጮ በሜክሲኮ መንደሮች በብዛት የተስፋፋው ከ1920ዎቹ ወዲህ ነው። ቴፖስትላን በተባለው መንደር መጀመሪያ የገባው ወፍጮ በወንዶች ተቃውሞ ገበያ አጥቶ ተዘጋ። "ቶርቲያው አይጣፍጥም፤ ሴቶቹም ሥራ ፈትተው ሐሜት ይይዛሉ" የሚል ነበር ክርክሩ። ሴቶቹ ግን አልተዉትም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጣው ወፍጮ ጸና።

ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ከ1934 እስከ 1940 በነበሩበት ዘመን መንግሥት ለገጠር የሴቶች ማኅበራት ወፍጮ እንዲያገኙ ድጋፍ ያደርግ ነበር። ማኅበራቱ ወፍጮውን በኅብረት ያስተዳድሩታል፤ ትርፉም የእነሱ ይሆናል ተብሎ ነበር። በብዙ ቦታ እንደታሰበው አልሄደም። ወፍጮው የሴቶቹ ተብሎ ሲሰጥ፣ ገንዘቡንና ቁልፉን የያዙት የአካባቢው ወንድ መሪዎች የሆኑበት ጊዜ ነበር፤ ሴቶቹም ለማስመለስ ብዙ ተከራክረዋል። ይህን ሳነብ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ገባኝ፤ ንብረት የማን እንደሆነ የሚታወቀው በስጦታ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ገቢና ወጪውን በሚጽፈው እጅ ነው።

አሠራሩ

ለሞከራችሁ እህቶች ከእህቴ የቀዳሁት ይኸው፤ ለ6 ሰው ይበቃል።

የተጨሰውን ዶሮ ዕለቱን ፍሪጅ አስገቡት፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ውስጥ ተጠቀሙበት። ሥጋውን በእጅ በታትናችሁ 3 ኩባያ ያህል አዘጋጁ። አጥንቱን አትጣሉ፤ ለአንድ ሰዓት ቀቅላችሁ መረቁን አውጡ። 8 ዛላ በርበሬ ፍሬውን አራግፋችሁ፣ በምጣድ ለአፍታ አሙቃችሁ በፈላ ውኃ ለ20 ደቂቃ ንከሩት። ከ2 ቲማቲም፣ ከ1 ሽንኩርት፣ ከ3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ከጥቂት ከሙን ጋር ፍጩት። በዘይት አቁላልታችሁ በመረቁ አቅጥኑት። የተጨሰ ሥጋ ጨው ስላለው ጨው የምትጨምሩት ቀምሳችሁ በመጨረሻ ነው። 12 ቶርቲያ አንድ በአንድ በሞቀ ዘይት አገላብጣችሁ ስጎው ውስጥ ንከሩ፤ ዘይቱ ቂጣው እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል። ሥጋውን ጨምራችሁ ጠቅልሉ፣ በትሪ ደርድሩ፣ የቀረውን ስጎና ቺዝ ከላይ አድርጉ፤ ከዚያ በ180 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ኦቭን ውስጥ አቆዩት። መሀሉ ድረስ በደንብ መሞቁን አረጋግጡ። ቶርቲያ ከሌለ እናቴ በሌላ ቀን በስስ እንጀራ ሠርታዋለች፤ ኤንቺላዳ አልነበረም፣ ግን አንድም አልተረፈም።

የእኔ የሂሳብ ስህተት

ባለፈው የሥራ አመራር ስብሰባ ማኅበራችን የራሱ የበርበሬና የሽሮ ወፍጮ ይግዛ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ "አያዋጣም" ያልኩት እኔ ነኝ። ሂሳቡን አቅርቤ ነበር፤ ለወፍጮ ቤት የምንከፍለውን ከማሽኑ ዋጋ፣ ከመብራትና ከጥገና ጋር አነጻጽሬ። ድምሩ ትክክል ነበር። ያልቆጠርኩት ግን ነበረ። ባልትናው ክፍል ያሉት እህቶቻችን በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሰው ወፍጮ ቤት ተሰልፈው ግማሽ ቀን ያጠፋሉ። ያን ጊዜ በመዝገቤ ላይ በዜሮ ነው የያዝኩት። የአንዲት ሴት ሰዓት ዋጋ የለውም ብዬ አምኜ አይደለም፤ ደረሰኝ ስለሌለው ነው።

የቴፖስትላን ወንዶችም ሂሳባቸው እንዲሁ ነበር። ሜታቴ ነፃ ነው፣ ወፍጮ ግን ገንዘብ ያስከፍላል፤ ስለዚህ ሜታቴ ይሻላል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሂሳቡን እንደገና ሠርቼ አቀርባለሁ። የባልትና ክፍል አባላት ለአንድ ወር ወፍጮ ቤት የጠበቃችሁበትን ሰዓት እየጻፋችሁ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ውጤቱ "አያዋጣም" ቢልም እንኳ፣ ሙሉ ሂሳብ አይተን እንወስናለን። ደጋፊዎቻችንም ለማሽኑ ልታግዙን ካሰባችሁ፣ ከማሽኑ ጋር አብሮ ሁለት ነገር እንዲሟላ አስቡልን፤ ወፍጮውን የምትጠግን የሠለጠነች አባልና መዝገቡን የምትይዝ ሌላ አባል።

እህቴ ወደ አገሯ ተመልሳለች። የተረፈው ዱቄት ጓዳ ውስጥ አለ። ወፍጮው ከጸደቀ የምረቃው ዕለት ኤንቺላዳውን እኔ እሠራለሁ፤ ዶሮውን ግን እናንተ ታመጣላችሁ።

ሰላም ሁኑ።