ጎዳና ላይ የተጻፈ ጋዜጣ፦ የቤት አልባዎች ኅትመት ከሴንት ሉዊስ እስከ ለንደን

የጎዳና ጋዜጣ የሚባለው መኖሪያ የሌላቸው ወይም ቤታቸውን ለማጣት የተቃረቡ ሰዎች በርካሽ ገዝተው አለዚያም በነጻ ተቀብለው አደባባይ ላይ የሚሸጡት፣ የሽያጩን ትርፍ ለራሳቸው የሚያስቀሩበት፣ ከገጾቹም ቢያንስ ጥቂቱን እነርሱው የሚጽፉበት ኅትመት ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ሁለት ዓላማዎች አብረው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ለሻጩ የዕለት ገቢ ማስገኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌሎች ሲናገሩለትና ሲናገሩበት ለኖረ ሰው በራሱ አንደበት የሚናገርበት ቦታ መስጠት ነው። የኅትመቱ ታሪክ ሁለቱ ዓላማዎች ሲደጋገፉና ሲጋጩ የኖሩበት ታሪክ በመሆኑ፣ ማን ገንዘብ አገኘ ከሚለው ጥያቄ ጎን ማን ጻፈ የሚለውን ሳያነሱ ማጥናት አይቻልም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በግልጽ ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ዓይነቱ ጋዜጣ በ1980ዎቹ ማብቂያ እንደተወለደ ተደርጎ ቢነገርም፣ ሥሩ ከዚያ ሰባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ሴንት ሉዊስ ከተማ ይዘልቃል። የባቡር ሐዲድ የአሜሪካን ምዕራብ ከምሥራቁ ካገናኘ በኋላ፣ እህል ለማጨድ፣ ግንድ ለመቁረጥ፣ ማዕድን ለማውጣትና ሐዲድ ለመዘርጋት እንደየወቅቱ ከግዛት ግዛት የሚዘዋወር፣ ቋሚ ቤትም ሆነ ቋሚ አሠሪ የሌለው ሰፊ የሠራተኛ ሠራዊት ተፈጥሮ ነበር። እነዚህ ሰዎች ‹ሆቦ› ይባሉ ነበር፤ ሆቦ ሥራ ፍለጋ የሚዞር ሠራተኛ ነውና ሳይሠራ ከሚዞረው መንገደኛ ጋር መደባለቁን አጥብቆ ይጠላ ነበር። የአገሪቱ ኢኮኖሚ በጉልበታቸው እየተጠቀመ ሳለ ከተሞቹ በቦዘኔነት ሕግ ያስሯቸው ነበር፤ የቦዘኔነት ሕግ ማለት ሰውን በፈጸመው ድርጊት ሳይሆን መተዳደሪያና መኖሪያ ባለማሳየቱ የሚያስጠይቅ ሕግ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አንባቢም በ1996 ዓ.ም. ከወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ የዚህን አስተሳሰብ አንድ መልክ ያውቀዋል።

ለእነዚህ ሠራተኞች ጋዜጣ ያስገኘላቸው ጄምስ ኢድስ ሃው የተባለ የሀብታም ቤተሰብ ልጅ ነበር። አያቱ ጄምስ ኢድስ በ1874 በሴንት ሉዊስ የተጠናቀቀውን ታላቅ ድልድይ የሠራ መሐንዲስ ሲሆን፣ የልጅ ልጁ ግን ያልሠራሁበት ሀብት የእኔ አይደለም የሚል እምነት ስለነበረው ራሱ እንደ ሆቦ እየኖረ ውርሱን ለእነርሱ ጉዳይ አዋለው። እርሱ ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንድማማችነት መረዳጃ ማኅበር በልዩ ልዩ ከተሞች ‹የሆቦ ኮሌጅ› የተሰኙ አዳራሾችን ከፍቶ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በክረምት ስለ ሕግ፣ ስለ ጤናና ስለ ኢኮኖሚ ትምህርት ያሰጥ ነበር። በ1915 ደግሞ ‹ሆቦ ኒውስ› የተባለው ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ግጥም፣ ደብዳቤ፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ የሥራና የደሞዝ ጉዳይ፣ በቦዘኔነት ሕግ ላይ የሚቀርብ ክስ ይወጣበት ነበር። ኔልስ አንደርሰን፣ ራሱ በወጣትነቱ በጭነት ባቡር ሲዞር ኖሮ በኋላ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጥናት ተማሪ የሆነው ሰው፣ በ1923 ባሳተመው ‹ሆቦው› በተባለ መጽሐፉ የእነዚህን ሰዎች የንባብና የጽሑፍ ሕይወት በስፋት መመዝገቡ፣ ያልተማሩ ናቸው ተብለው የተናቁት ሠራተኞች ምን ያህል ያነቡና ይከራከሩ እንደነበር ያሳያል።

ሆቦ ኒውስን ልዩ የሚያደርገው ጸሐፊው፣ ሻጩና አንባቢው በአብዛኛው ከአንድ ወገን መሆናቸው ነው። ከዚያ ቀደም በ1879 በለንደን የተጀመረው፣ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ማኅበር ጋዜጣ ‹ዋር ክራይ› ጎዳና ላይ በመሸጡ ምክንያት አንዳንዴ የዚህ ዘርፍ ቀዳሚ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ነገር ግን እርሱ ድሃውን ለማዳን የተነሡ ሰዎች ልሳን እንጂ የድሃው ልሳን አልነበረም፤ ስለዚህ ቦታው በምጽዋትና በስብከት ታሪክ ውስጥ ነው። ሃው በ1930 ሲሞት የእርሻ መሣሪያዎችና አውቶሞቢል የሆቦውን ኑሮ እየለወጡት ነበር፤ ከሆቦው ኑሮ ጋር የጋዜጣው መሠረትም ጠፋ፤ ተከታዮቹም ትውልዶች ይህን ታሪክ ሳያስታውሱት ተመሳሳዩን ነገር እንደ አዲስ ፈለሰፉት።

ይህ ዳግም ፍልሰፋ የመጣው ከሌላ ዓይነት ችግር ነው። የሆቦው ቤት ማጣት ከሥራው ጠባይ የመነጨ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ግን የኒው ዮርክንና የሳን ፍራንሲስኮን ጎዳናዎች የሞላው ሕዝብ ቤት ነበረውና ያጣው ነበር። የፕሬዚዳንት ሬገን አስተዳደር ለዝቅተኛ ገቢ መኖሪያ ይውል የነበረውን የፌዴራል በጀት አጥብቆ ቀነሰ፤ አንዳንድ ክፍል በርካሽ ያከራዩ የነበሩ አሮጌ ሆቴሎች እየፈረሱ ጠፉ፤ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች ሲዘጉም ይተካቸዋል የተባለው የየአካባቢው አገልግሎት በበቂ አልተዘረጋም። በብሪታንያም በ1988 ከ16 እና ከ17 ዓመት ወጣቶች አብዛኞቹ የመንግሥት ድጎማ ሲቋረጥባቸው፣ በለንደን ዋተርሉ ጣቢያ አጠገብ ሰዎች ካርቶን እየተከለሉ የሚያድሩበት ሰፈር በመላው አገር የታወቀ ሆነ።

በ1989 ሁለት ጋዜጦች በአሜሪካ ሁለት ዳርቻዎች ተጀመሩ፤ ሁለቱ የቀረጿቸው መንገዶችም እስከ ዛሬ ይታያሉ። በኒው ዮርክ ሃቺንሰን ፐርሰንስ የተባለ የሮክ ሙዚቀኛ ‹ስትሪት ኒውስ›ን መሠረተ፤ ጋዜጣው በ75 ሳንቲም እየተሸጠ፣ የታወቁ ሰዎችን በገጾቹ እያሳየ፣ በመሬት ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተስፋፋ፤ የከተማዋ የትራንስፖርት ባለሥልጣን በባቡሮቹ ውስጥ መሸጥን ሲከለክልና የገንዘብ አያያዙ ላይ ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ በዚያው ፍጥነት ተዳከመ። በሳን ፍራንሲስኮ የቤት አልባዎች ጥምረት የተባለው የመብት ተሟጋች ማኅበር ያወጣው ‹ስትሪት ሺት› ግን በዝና ላይ አልተመሠረተም፤ ጋዜጣው ለሻጮች በነጻ ይሰጣል፣ የሸጡበትን ገንዘብ ሁሉ ያስቀራሉ፣ የጽሑፎቹም ዓላማ የከተማዋን የቤትና የፖሊስ ፖሊሲ መለወጥ ነው።

ጎርደን ሮዲክ፣ ከባለቤቱ ከአኒታ ጋር ‹ቦዲ ሾፕ› የተባለውን የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያ ያሳደገው ነጋዴ፣ ስትሪት ኒውስን ኒው ዮርክ ላይ አይቶ ወደ ለንደን ሲመለስ ሐሳቡን ለቀድሞ ወዳጁ ለጆን በርድ አቀረበ። በርድ በ1946 ከድሃ ቤተሰብ የተወለደ፣ በሕፃናት ማሳደጊያና በእስር ቤት ያለፈ፣ ጎዳና ያደረ፣ በኋላም የማተሚያ ሙያ የተማረ ሰው በመሆኑ፣ ምጽዋት ሰጪንና ተቀባይን እንዴት እንደሚያራርቅ ከሁለቱም ወገን ያውቅ ነበር። በሴፕቴምበር 1991 የወጣው ‹ቢግ ኢሹ› የቆመበት መርሕ ቀላል ነው፤ ሻጩ መጽሔቱን በሽፋን ዋጋው ግማሽ ገደማ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፣ በሙሉ ዋጋ ይሸጣል፣ ያልተሸጠው ኪሳራው ነው። ጥብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ለማኝ የነበረውን ሰው ነጋዴ የሚያደርገው ይኸው አደጋ ነው። መጽሔቱ በ1993 ሳምንታዊ ሆነ፤ በርድም በ2015 የብሪታንያ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተሾመ።

መርሑ ሲሳካ ድምፅ የሚለው ዓላማ ቦታው ጠበበ። አላፊ አግዳሚው በርኅራኄ ሳይሆን ለንባብ ብሎ እንዲገዛ ከተፈለገ መጽሔቱ በሠለጠኑ ጋዜጠኞች መዘጋጀት አለበት የሚለው የለንደን አመክንዮ የቤት አልባዎችን ጽሑፍ ለጥቂት ገጾች ወሰነው። ክርክሩ የፈነዳው ቢግ ኢሹ በ1998 ሎስ አንጀለስ ላይ እትም ሲከፍት ነው፤ እዚያው አካባቢ በሳንታ ሞኒካ ጎዳና ላይ የኖረች ሴት የምታዘጋጀው ‹ሜኪንግ ቼንጅ› የተባለ አነስተኛ ጋዜጣ ነበርና፣ በ1990ዎቹ የተሰባሰቡት የሰሜን አሜሪካ የጎዳና ጋዜጦች ትልቁ መጽሔት ትንሹን እንዳይውጠው ተቃወሙ። ለሁለቱም ወገኖች ቅን መሆን ያስፈልጋል፤ ያልተሸጠ ጋዜጣ የማንንም ድምፅ አያሰማም፣ የሚሸጠው ሰው ያልጻፈበት ጋዜጣም ከሌላ ሸቀጥ በምን እንደሚለይ ማስረዳት ይቸግረዋል። ሚዛኑ ግን ወደ ሁለተኛው ሊያደላ ይገባል፤ ሥራ የሚያስገኙ ሌሎች መንገዶች አሉ፣ ቤት ያጣ ሰው ስለ መጠለያ ሕግ የሚጽፍበት ገጽ ግን ከዚህ ውጭ እጅግ ጥቂት ነው።

ሕጉም በጎዳና ጋዜጣና በሌላ ሸቀጥ መካከል ያለውን ልዩነት ሁልጊዜ አላየውም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የኅትመት ነጻነትን ቢያረጋግጥም፣ የክሊቭላንድ ከተማ ‹ሆምለስ ግሬፕቫይን› የተባለውን የጎዳና ጋዜጣ ሻጮች እንደ ማንኛውም አዟሪ የ50 ዶላር ፈቃድ እንዲያወጡ ስታስገድድ፣ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1997 ለከተማዋ ፈረደ። ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ሐሳቡን ከመሸጡ በፊት 50 ዶላር መክፈል ምን ማለት እንደሆነ ፍርዱ በበቂ አልመዘነውም።

በ1994 የተመሠረተና ዛሬ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ግላስጎው የሆነ ዓለም አቀፍ የጎዳና ጋዜጦች መረብ አባላቱን ያገናኛል፤ አባላቱ ከ30 በሚበልጡ አገሮች ይገኛሉ። በዚያው ዓመት በጆሃንስበርግ ‹ሆምለስ ቶክ›፣ በሲያትል ደግሞ ‹ሪል ቼንጅ› ተጀምረዋል። በስዊዘርላንድ የሚታተመው ‹ሱርፕሪዝ› ሻጮች መካከል ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች መገኘታቸው፣ ይህ ኅትመት በአውሮፓ ከቤት አልባው ባሻገር የስደተኛው የመጀመሪያ ሥራና የቋንቋ ትምህርት ቤት እየሆነ መምጣቱን ያመለክታል።

ሳንቲም ከኪስ ሲጠፋ ደግሞ አዲስ ፈተና መጣ። የስቶክሆልሙ ‹ሲቱዌሾን› ሻጮች በ2013 የካርድ መክፈያ ማሽን መያዝ ጀመሩ፤ ቢግ ኢሹም በኋላ ይህን መንገድ ተከተለ። በማርች 2020 ኮሮና የብሪታንያን ጎዳናዎች ባዶ ሲያደርግ ቢግ ኢሹ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎዳና ሽያጩን አቁሞ ወደ ሱፐርማርኬትና ወደ ደንበኝነት ምዝገባ ዞረ፤ መጽሔቱ ከሻጩ ተለይቶ ሊሸጥ መቻሉ በዚያን ጊዜ ታየ፤ ሻጩ ከመጽሔቱ ጋር ያለው ዝምድና መሸጥ ብቻ ከሆነ መንገድ ሲዘጋ ዝምድናውም እንደሚቋረጥ፣ ጸሐፊ ከሆነ ግን ከቤት ውጭም ሆነ በመጠለያ ውስጥ ሆኖ መላክ የሚችለው ጽሑፍ እንደሚኖረው አብሮ ታየ። የእንግሊዝ ሻጮች ወደ መሸጫ ቦታቸው የተመለሱት በዚያው ዓመት ጁላይ ነው።