የቀድሞው አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ

በጎንደር የተወለዱት መንግሥቱ ወርቁ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና በብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን አጥቂነታቸው ይታወቃሉ። በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በድምሩ 10 ግቦች ያስቆጠሩ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚታወሱት ግን በአንዷ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተካሄደው የ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ ግብፅ ሁለት ጊዜ ብትመራም ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ አቻ በመሆኗ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ተጠናቀቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ 3ኛውን ግብ አስቆጠሩ። መሪነቱ ግን አስተማማኝ አልነበረም፤ ግጥሚያው ሊያበቃ 3 ደቂቃ ያህል ሲቀረው መንግሥቱ 4ኛዋን አክለው ድሉን አረጋገጡ። ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ ያገኘችው በዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከተጫዋችነት ከተሰናበቱ በኋላ በአሠልጣኝነት ያገለገሉ ሲሆን፣ በ1974 ዓ.ም በሊቢያ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድኑን መርተዋል። ያረፉት በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም ነው።