አባትና ልጅ የጀመሩት መንገድ

እህቴ፣ ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ሐዘን ገና መጀመሩ ነው። በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ብዙዎች ይህን ጊዜ በብስክሌት ይገፉታል።

ነገሩ ሲጀመር ግን ከሐዘን ጋር አልተያያዘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የእናቶች ቀን በሚከበርበት ቅዳሜና እሁድ፣ ቻርልስ ሲፕል የተባለ አባት ከልጁ ከግሬግ ጋር የሳዮቶን ወንዝ ተከትሎ እስከ ፖርትስማውዝ ሄደ፤ በማግስቱ ተመለሱ። ደርሶ መልሱ 210 ማይል ነው። ጉዞው በየዓመቱ እየተደገመ ሺዎችን አስከተለ። ግሬግም አድጎ ከባለቤቱ ከጁን ጋር ከአላስካ እስከ አርጀንቲና ደቡብ ጫፍ ፔዳል መታ።

በ2009 ፔሎቶኒያ ተጀመረ። ብዙዎች ካንሰር የነጠቃቸውን እናት ወይም ልጅ እያሰቡ ይነዳሉ። የሚሰበስቡት ገንዘብ፣ እስካሁን ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለሚካሄድ የካንሰር ምርምር ይውላል።

ብስክሌት የሞተን አይመልስም። ነገር ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ መናገር ያቃተው ልጅ፣ ጎን ለጎን ሲነዳ አንደበቱ ሊፈታ ይችላል። አባቱ የሞተበት ልጅ ቤትሽ ካለ፣ ዱዓሽ እንዳለ ሆኖ፣ «ተጽናና» ከማለትሽ በፊት እስከ ወንዙ ድረስ አብረሽው ንጂ።