አሮጌ ቮልስን ማደስ፦ ከቀለም በፊት የሚታዩ ጉዳዮች

ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የቤት መኪና ዳግም ነፍስ ሲዘራ ማየት በከተሞቻችን ጋራዦች እንግዳ ነገር አይደለም። ከነዚህ መኪኖች መካከል በሕዝብ አጠራር «ቮልስ» የሚባለው ቮልስዋገን ቢትል ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ሲያበቃ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በቮልስ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ በመጣሉ፣ በእጅ ያለውን መጠገን ለብዙ ቤተሰብ የተሻለው አማራጭ ሆኗል። ሆኖም የእድሳቱ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሰው ለቀለምና ለጌጥ ነው። የሰው ሕይወት የሚያርፈው ግን ከቀለሙ ሥር ባለው ላሜራና በፍሬኑ ላይ ነው።

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የሚያፈሰው አሲድ ወለሉን ከላይ፣ የክረምት ጭቃ ደግሞ ከታች ይበላዋል። በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም የተቀባ ዝገት ለጊዜው ከዓይን ቢሰወርም ከሥር መብላቱን አያቆምም፤ የተበላው ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ ይኖርበታል። ባትሪውም ክዳን ያስፈልገዋል። ክዳን ከሌለው፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ከኋላ ያለው ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። አንድ ቺንጊያ ዲናሞውንና ማራገቢያውን ያዞራል፤ ቺንጊያው ከተበጠሰ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና የጎማ ማሸጊያ ከሥር የሚወጣውን ትኩስ አየር የሚከለክሉ ናቸው። ለውበት ወይም ለጥገና እንዲመች ተብሎ እነርሱን አውልቆ መተው ሞተሩን ለሙቀት ይዳርጋል። የሞተር ዘይቱ 2.5 ሊትር ገደማ ብቻ ሲሆን የሚጣራውም በወንፊት ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ዘይት የሚጨመርበትን ነባር የአየር ማጣሪያ የድሮ ትራክተር ያላቸው አርሶ አደሮች በሚገባ ያውቁታል። ይህንኑ አንስቶ የሚያብለጨልጭ ትንሽ ማጣሪያ መግጠም በአቧራማ መንገድ ላይ ለሚሠራ መኪና የሚመከር አይደለም። ያረጀ የቤንዚን ቱቦም በጋለ ሞተር ላይ ካንጠባጠበ መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል።

በቆዩት ሞዴሎች የፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው። አንዱ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ለሚወርድ አሽከርካሪ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ቱቦዎቹንና የፍሬን ሸራውን ሳይቀይሩ ጉልበተኛ ሞተር መግጠምም አደጋውን ያብሳል።

ነገሩ ለጭነት መኪናም ይሠራል። «ኤንትሬ» በሚል ስም የታወቀው ፊያት 682 ኤን 3 ጠንካራ ቢሆንም፣ ባሌስትራ ደራርቦና ካሶኒ አስረዝሞ ጭነት መጨመር የፍሬኑን አቅም አያሳድገውም።

ሞተር ወይም ቀለም ሲቀየር ሊብሬው ላይ የሰፈረው መረጃም በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መስተካከል አለበት፤ አለዚያ በዓመታዊ ምርመራና በሽያጭ ጊዜ ችግር ይገጥማል። የአዲሱ ሞተር የግዢ ደረሰኝም መጥፋት የለበትም። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የታተመው ከኋላ ወንበር ሥር ባለው መካከለኛ ብረት ላይ በመሆኑ፣ ወለል የሚቆርጥ በያጅ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩ ያለበትን ቦታ እንዲያውቅ ማድረግ የባለቤቱ ድርሻ ነው።