የሎንዶን የምድር ውስጥ ባቡር አጀማመርና የድኾች ቤት

ከምድር በታች የሚሄድ ባቡር በብዙ ታላላቅ ከተሞች ይገኛል፤ የሁሉም ቀዳሚ ግን የሎንዶን ነው። ስለ እርሱ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የመሐንዲሶቹን ብልኀት ያደንቃሉ። እኛ ግን መንገዱ ለማን ታስቦ በማን ቤት ላይ እንደ ተሠራ ለመመርመር እንወዳለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሐሳቡን አጥብቆ የያዘው የሎንዶን ሲቲ ማዘጋጃ ቤት የሕግ ሹም የነበረው ቻርልስ ፒርሰን ነው። በዚያ ዘመን ጐዳናው በጋሪና በሠረገላ ተጨናንቆ ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ የባቡር ጣቢያዎችም ከመካከለኛው ከተማ ውጭ ቀርተው ነበር። ሠራተኛው እንጀራው ወደሚገኝበት ስፍራ በእግሩ መድረስ ስላለበት በከተማው መካከል በጠባብ ቤት ታጭቆ ይኖር ነበር። ርካሽ ባቡር ቢኖር ይህ ሰው ንጹሕ አየር ካለበት ስፍራ ጧት ጧት ወደ ሥራው ሊመጣ ይችላል ሲል ፒርሰን ተከራከረ። ማዘጋጃ ቤቱም 200,000 ፓውንድ የሚያወጣ አክሲዮን እንዲገዛ ያግባባው እርሱ ነው።

ሥራው በ1860 ተጀመረ። መሬቱን እንደ ቦይ ቈፍረው ግራና ቀኙን በጡብ ይገነባሉ፤ በላዩም ጣሪያ ደፍነው አፈሩን ይመልሱበታል። በምዕራብ በኩል ቍፋሮው አብዛኛውን በሰፊ ጐዳና ሥር ስለ ሄደ ጉዳቱ ያን ያህል አልነበረም። ከኪንግስ ክሮስ እስከ ፋሪንግዶን ባለው በፍሊት ሸለቆ ግን የድኾችን መንደር አቋርጦ አለፈ፤ ቦታው ርካሽ ነበርና። ካሣ የተከፈለው ለባለ ርስቱ ነው። በየሳምንቱ ኪራይ እየከፈለ የሚኖረው ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ከመውጣት በቀር ምንም አላገኘም፤ ከሥራው መራቅም ስለማይችል በአቅራቢያው ባሉት መንደሮች ተጨናንቆ ተቀመጠ። እንግዲህ ድኻውን ከጥበት ያወጣል የተባለው ሥራ በመጀመሪያ ጥበቱን አበዛበት ማለት ነው።

በሰኔ 1862 የፍሊት ወንዝ ፍሳሽ ቦዩን ጥሶ ቍፋሮውን አጥለቀለቀው። ፒርሰንም የሥራውን ፍጻሜ ሳያይ በመስከረም ወር ሞተ። ስድስት ኪሎሜትር ያህል የሆነው መንገድ ጥር 10 ቀን 1863 ለሕዝብ ሲከፈት በዚያው ቀን 38,000 ያህል ሰዎች ተሳፈሩ። ባቡሩ በእንፋሎት ኀይል የሚሄድ ስለ ነበር የዋሻው ጭስ ለብዙ ዓመት ሰውን አስመርሯል።

የፒርሰን ሐሳብ በከፊል የተፈጸመው በ1864 ነው። ኩባንያው ከጧቱ 12 ሰዓት በፊት የሚነሡ ሁለት የሠራተኞች ባቡሮች አቆመ፤ የደርሶ መልሱ ዋጋም 3 ፔንስ ነበር። የእንግሊዝ ምክር ቤት የባቡር ኩባንያዎችን ሁሉ ለሠራተኛ የሚሆን ርካሽ ባቡር እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣው ከ19 ዓመት በኋላ በ1883 ነው።

በ1890 በኤሌክትሪክ የሚሄደው ጥልቅ መንገድ በቴምዝ ወንዝ ሥር ተከፈተ። ይህኛው በብረት ጋሻ ከሥር ስለ ተቦረቦረ እንደ ፊተኛው መንደር ማፍረስ አላስፈለገውም። ዋሻው በሕዝብ ጐዳና ሥር እንዲያልፍ የተደረገው ግን ለድኻው ታዝኖ ሳይሆን ለባለ ርስቶች ካሣ ላለመክፈል ነው።